ቢራው ኮምጧል፤ ታዲያ ተበላሽቷል?

ጥያቄ፦ «ባሕር ዳር ነው የምኖረው። የእህቴ ባል ከጀርመን ሲመጣ አራት ጠርሙስ ቢራ ይዞልኝ መጣ። ጠርሙሱ ላይ ስንዴ፣ ድምብላልና ጨው እንዳለበት ተጽፏል። ቅዳሜ ከሰዓት ሐይቁ ዳር ቁጭ ብለን ሁለቱን ከፈትናቸው። ቆርኪው ሲነሳ ገንፍሎ እጄ ላይ ፈሰሰ። መልኩም ድፍርስ ነው። ስንቀምሰው እንደ ሎሚ ኮመጠጠን፤ ጨው ጨውም አለን። አንዱ ጓደኛዬ ‹ሆምጣጤ ሆኗል፣ ድፉት› አለ። ሌላው ‹ይሄማ ጠላ ነው› አለ። ደፋነው። የአገልግሎት ጊዜው ግን አላለፈም። ሁለቱ ጠርሙሶች እስካሁን ሳሎን ቡፌ ላይ አሉ። ተበላሽቷል ወይስ ነገሩ እንዲህ ነው? ካልተበላሸ እንዴት ነው የሚጠጣው? ተራ ቢራ ውስጥ ሎሚና ኮረሪማ ቢጨመር ያው ነው የሚሉኝ አሉ። ለሆድ እንደ እርጎ ይስማማል የሚሉም አልጠፉም።»

ምላሽ፦ ከገለጹት ተነስቼ ስፈርድ ቢራው አልተበላሸም። መደፍረሱ፣ መኮምጠጡ፣ ጨው ጨው ማለቱ የዚያ ቢራ የራሱ ጠባይ ነው። መገንፈሉ ሌላ ምክንያት አለው፤ እመጣበታለሁ። የተደፉት ሁለቱ ያሳዝናሉ። የቀሩትን ሁለቱን ግን ይህን አንብበው እንደጨረሱ ከቡፌው ላይ ያንሷቸውና ፍሪጅ ውስጥ ያቁሟቸው።

ድምብላልና ጨው የገባበት ኮምጣጣ የስንዴ ቢራ ጎዘ ይባላል። ስሙን ያገኘው በጀርመኗ ጎስላር ከተማ ከሚያልፈው ወንዝ ነው። ታዋቂ የሆነው ግን ላይፕሲግ ውስጥ ነው። የጀርመን ቢራ ሲነሳ ብዙ ሰው እ.ኤ.አ. የ1516ቱን የባቫሪያ ድንጋጌ ይጠቅሳል። ድንጋጌው ቢራ ከገብስ፣ ከሆፕ (ቢራን ከሚያመርረው አበባ) እና ከውሃ ብቻ ይሠራ ይላል። ድምብላልና ጨው እዚያ ውስጥ ቦታ የላቸውም። ጎዘ የሚፈቀደው የአካባቢው ነባር መጠጥ ስለሆነ በልዩ ሁኔታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ጨርሶ መጠመቁ ቆሞ ነበር። በ1980ዎቹ እንደገና ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ በየአገሩ ያሉ አነስተኛ ጠማቂዎች ወደዱት። ዛሬ በድምብላሉ ምትክ ወይም ከእሱ ጋር ዝንጅብል፣ ቀረፋ፣ ሄል፣ የብርቱካን ልጣጭ የሚጨምሩበት ብዙ ናቸው። የእርስዎ ጠርሙስ ላይ የተጻፈው ግን የጥንቱ አሠራር ነው።

አኮመጣጠጡ እንዲህ ነው። ብቅሉ በሙቅ ውሃ ይዘፈዘፍና ጣፋጭ ጭማቂው ይወጣል። ጠማቂዎች ዎርት ይሉታል። ተራ ቢራ ሲሆን ይሄ ጭማቂ ወዲያው ከሆፕ ጋር ይፈላል። እዚህ ግን አስቀድሞ ከ35 እስከ 45 ዲግሪ ሙቀት ላይ ይቆያል። ላክቶባሲለስ የሚባል ባክቴሪያም ይጨመርበታል። ወተትን ወደ እርጎ ከሚለውጡት ወገን ነው። በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ከስኳሩ ጥቂቱን ላክቲክ አሲድ ያደርገዋል። ጠማቂው የሚፈልገው ልክ ላይ ሲደርስ ጭማቂው ይፈላል። ያኔ ባክቴሪያው ይሞታል፤ መኮምጠጡም እዚያው ይቆማል። ድምብላሉና ጨው የሚገቡት ፍላቱ ሊያበቃ ሲል ነው። ከዚያ ቀዝቅዞ እርሾ ይገባበትና እንደማንኛውም ቢራ ይብላላል።

ሌሎች መንገዶችም አሉ። በርሜል ውስጥ ወራትና ዓመታት የሚቆዩ፣ ብዙ ዓይነት ባክቴሪያና እርሾ አብረው የሚሠሩባቸው የቤልጂየም ቢራዎች አሉ። እነሱ የሌላ ቀን ወሬ ናቸው። ለእርስዎ ጥያቄ ዋናው ነገር ኮምጣጣነቱ ሆን ተብሎ፣ ተለክቶ የተሠራ መሆኑ ነው።

ልኩንም በቁጥር ማየት ይቻላል። ኮምጣጣነት የሚለካው በፒኤች ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ኮምጣጣነቱ ይጨምራል። አንድ ሙሉ ቁጥር ሲወርድ አሲዱ አሥር እጥፍ ይሆናል። ተራ ቢራ ከ4 እስከ 4.5 አካባቢ ነው። የእርስዎ ዓይነቱ ብዙውን ጊዜ ከ3.2 እስከ 3.6 ይሆናል። የሎሚ ጭማቂ ከ2 እስከ 2.5 ይወርዳል። ስለዚህ «እንደ ሎሚ» ያሉት ትንሽ የተጋነነ ነው። ግን ምላስዎ የለመደው ተራ ቢራ ከሆነ እንደዚያ ቢሰማዎ አይገርምም። አልኮሉ ከለመዱት ቢራ እምብዛም አይለይም፤ 4.5 ከመቶ ገደማ ነው።

ጓደኛዎ «ሆምጣጤ ሆኗል» ያለው ከመሬት ተነስቶ አይደለም። እኛ አገር አፍንጫችንን ያሠለጠነው ጠላ ነው። ጠላ ውስጥም ይኸው ላክቲክ አሲድ አለ፤ መጠነኛ ኮምጣጣነቱ ከዚያ ነው። ልዩነቱ ጠላ ሥራውን አለማቆሙ ነው። ጌሾውም፣ በወይራ የታጠነው ጋንም መኮምጠጡን ያዘገዩታል እንጂ አያስቀሩትም። ጋኑ በተከፈተ ቁጥር አየር ይገባል። አየር ሲያገኝ አልኮሉን ወደ ሆምጣጤ የሚለውጥ ሌላ ዓይነት ባክቴሪያ ይበረታል። ባሕር ዳር ደግሞ ሞቃት ናት፤ ሙቀቱ ነገሩን ያፋጥነዋል። ስለዚህ «ጠላው ከኮመጠጠ አለቀለት» የሚለው የጠማቂ እናቶች ፍርድ ትክክል ነው። ለጠላ። በደንብ በተከደነና አየር ባልገባበት ጠርሙስ ውስጥ ግን ያ ባክቴሪያ መሥራት አይችልም። «ጠላ ነው» ያለው ጓደኛዎ ዝምድናውን በትክክል አይቷል። ድፍርስነቱ፣ እህሉ፣ ኮምጣጣነቱ ያቀራርባቸዋል። ነገር ግን ጎዘ ውስጥ የጌሾ ምሬት የለም፤ የታጠነ ዕቃ ጢስም የለም።

ታዲያ የታሰበውን ኮምጣጣነት ከተበላሸው እንዴት እንለያለን? በአፍንጫ ነው። ላክቲክ አሲድ ሽታ የለውም ማለት ይቻላል፤ አይተንምና። አሴቲክ አሲድ፣ ማለትም ሆምጣጤው፣ ይተናል፤ ይሰነፍጣል። ስለዚህ ብርጭቆውን ሳይቀምሱ ያሽትቱት። ኮምጣጣነቱ ከምላስዎ በፊት አፍንጫዎ ላይ ከደረሰ፣ ዓይንዎንም እንደመቆጥቆጥ ካደረገው፣ ያ ሆምጣጤ ነው። ሲያሸቱት ድምብላል፣ ስንዴና ትንሽ የሊጥ ሽታ ብቻ ካለው፣ ኮምጣጣነቱን የሚያገኙትም ምላስዎ ላይ ብቻ ከሆነ፣ ጤነኛ ነው። ሌላም ምልክት አለ። የላክቲክ ኮምጣጣነት የምላስን ዳርና ዳር ይዞ ምራቅ ያመጣና ቶሎ ይለቃል። ሆምጣጤ ጉሮሮ ድረስ ወርዶ ያቃጥላል። አንዳንድ የቤልጂየም ቀይ ኮምጣጣ ቢራዎች ላይ ጥቂት ሆምጣጤ ተፈልጎ ይተዋል። ጎዘ ውስጥ ግን ቦታ የለውም።

ሆምጣጤ ብቸኛው ጉድለት አይደለም። አገራችን ውስጥ ማንም የሚያውቀው አንድ ሽታ አለ፤ የቆየ ቅቤ። ዶሮ ወጥ ላይ ሲሆን ብዙ ሰው ይወደዋል። ሽታውን የሚያመጣው ቢዩቲሪክ አሲድ ነው። ይኸው አሲድ ጭማቂው ሲኮመጥጥ ሌላ ባክቴሪያ ከገባበት ቢራ ውስጥም ይፈጠራል። እዚያ ሲገኝ ትውከት ትውከት ይላል። ያን ካሸተቱ አይቅመሱት፣ ይድፉት። የእርጥብ ካርቶን ሽታ ከሆነ ቢራው አርጅቷል ማለት ነው፤ አይጎዳም፣ ግን ደስታ የለውም። ከድምብላሉ ወገን ደግሞ የሴለሪ ወይም የተቀቀለ አትክልት ዓይነት ሽታ ካለ ቅመሙ መጀመሪያውኑ ጥሩ አልነበረም።

ስለ ቅመሙ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልናገር። የቅምሻው ግማሽ እዚህ ላይ ነው። ድምብላል እርስዎ ቤትም አለ። በርበሬና ሽሮ ውስጥ ሲገባ ግን ታምሶ፣ ተፈጭቶ፣ ከብዙ ቅመም ጋር ነው። ለቢራ ሲሆን አይታመስም። ፍሬው በጥቂቱ ፈንከት ተደርጎ ፍላቱ ሊያበቃ ሲል ይገባል። መጠኑም ለአንድ ሊትር 1 ግራም ገደማ ነው። ያልታመሰ ድምብላል ዋና ሽታው ሊናሉል ከሚባል ዘይት ይመጣል። ይህ ዘይት ብርቱካን አበባ ውስጥም አለ። «እንደ ሎሚ» ያላችሁት ከኮምጣጣነቱ ብቻ አይደለም፤ የድምብላሉ ሽታም አግዞታል። ለማረጋገጥ ከጓዳዎ ጥቂት ጥሬ የድምብላል ፍሬ ያምጡ። በጥፍርዎ ወይም በማንኪያ ጀርባ ሰንጠቅ አድርገው ያሽትቱት። መጀመሪያ የሚወጣው የበርበሬ ቤት ሽታ አይደለም። ልጣጭ ልጣጭ፣ አበባ አበባ የሚል ነው። ያን አፍንጫዎ ውስጥ ይዘው ወደ ብርጭቆው ይመለሱ። ወዲያው ያገኙታል።

ጨው ሥራው ሌላ ነው። ለአንድ ሊትር ከ1 ግራም እምብዛም አይርቅም። በዚህ መጠን ምሬትን ያለዝባል፣ የኮምጣጣነቱን ስለት ይቀንሳል፣ የስንዴውን ጣፋጭነት ያወጣል። የሚታወቀው ከዋጡ በኋላ፣ ከንፈር ላይ ነው። ገና ምላስ ሲነካው ጨውነቱ ከመጣ በዝቷል። ሆፑ የሚቀነሰውም በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ሆፕ ላክቶባሲለስን ያዳክማል። ሁለተኛ፣ ምሬትና ኮምጣጣነት አፍ ውስጥ ሲገናኙ ይሻክራሉ።

ወደፊት ሌላ ቅመም ያለበት ካጋጠመዎ ሁለት ነገር ይወቁ። የቅርንፉድ ሽታ ሁልጊዜ ከቅርንፉድ አይመጣም፤ አንዳንድ የስንዴ ቢራ እርሾ ራሱ ያመጣዋል። እውነተኛው ቅርንፉድ ሲበዛ ምላስን ያደነዝዛል። ለዚህም ነው ለጥርስ ሕመም የሚነከሰው። ዝንጅብልና ጥምዝ ደግሞ ማቃጠላቸው ጣዕም አይደለም፤ የነርቭ ስሜት ነው። ጋዝና አሲድ ሲታከልበት ይብሳል። ስለዚህ የሚያቃጥል ቅመም ኮምጣጣ ቢራ ውስጥ በቁጥብነት ካልገባ ከሁለተኛው ብርጭቆ በኋላ አፍ ምንም አይለይም።

አሁን ወደ መገንፈሉ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው 80 ከመቶ ያህል ነው። ቢራው የታሸገው ዝቅ ባለ አገር ነው። ስለዚህ ቆርኪው ሲነሳ ጋዙ እዚህ በበለጠ ኃይል ይወጣል። በዚያ ላይ ጠርሙሱ በሻንጣ ተንገላቷል፤ ቡፌ ላይ ሞቋል፤ ሐይቁ ዳር ፀሐይ አግኝቶታል። ሙቅ ፈሳሽ ብዙ ጋዝ መያዝ አይችልም። የስንዴ ቢራም ከተፈጥሮው ጋዙ በርከት ያለ ነው። አራቱ ሲገጥሙ መፍሰሱ አይቀርም። መገንፈል ብቻውን የመበላሸት ማስረጃ አይሆንም። ሁለት ቀን ፍሪጅ ውስጥ ቆሞ፣ በእርጋታ ተከፍቶም አላቋርጥ ብሎ የሚፈስ ከሆነ ግን ውስጡ ያልተፈለገ እርሾ ሠርቷል። ያን አይጠጡት። ቆርኪው ያበጠ ወይም ጣሳው የተነፋ ዕቃ ካለ ደግሞ ፊትዎ አጠገብ አይክፈቱት። ጠርሙስ ሲፈነዳ ዓይን ያጠፋል።

ድፍርስነቱ ከስንዴው ፕሮቲንና ከእርሾው ነው። ጠርሙሱ ቆሞ ሲውል እርሾው ታች ይዘቅጣል። ሲቀዱ በእርጋታ ከቀዱ ላይ ላዩ ጠራ ያለ ይሆናል። የመጨረሻውን ሁለት ጣት ያህል መተው ይችላሉ። ቢጠጡትም አይጎዳም፤ ዳቦ ዳቦ ይላል።

ቡፌው ላይ ለምን አይቀመጥም? ሙቀትና ብርሃን ነው ምክንያቱ። በመጋቢትና በሚያዝያ የባሕር ዳር ከሰዓት 30 ዲግሪ ይጠጋል። ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ቢራ የሚያረጅበት ፍጥነት እጥፍና ከዚያ በላይ ይሆናል። ጠርሙሱ ላይ ያለው ቀን የተጻፈው ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጣል ተብሎ ታስቦ ነው። መጀመሪያ የሚጠፋው ደግሞ ቅመሙ ነው። ኮምጣጣነቱ ይቆያል፤ የድምብላሉ ሽታ ግን በወራት ውስጥ ይዳከማል። ስለዚህ ለገና ወይም ለጥምቀት ላቆየው ካሉ የሚያገኙት ኮምጣጣ ውሃ ነው። የፀሐይ ብርሃንም ሆፕ ያለበትን ቢራ በደቂቃዎች ውስጥ ያከረፋዋል፤ በተለይ ጠርሙሱ አረንጓዴ ወይም ነጭ ከሆነ። የጎዘ ሆፕ ትንሽ ስለሆነ ጉዳቱ ይቀንሳል። ቢሆንም ሐይቁ ዳር ሲሆኑ ጥላ ሥር ያስቀምጡት።

ሲጠጣ ከ7 እስከ 10 ዲግሪ ይሁን። ከፍሪጅ እንደወጣ በረዶ ሆኖ ከቀመሱት ቅመሙ ተኝቶ ኮምጣጣነቱ ብቻውን ይጮኻል። በባሕር ዳር ሙቀት አሥር ደቂቃ ጠረጴዛ ላይ ቢቆይ ይበቃል። ብርጭቆው ሳሙናና ቅባት የሌለው፣ በንጹሕ ውሃ የተለቀለቀ ይሁን። የወይን ብርጭቆ ካለዎ እሱ ይሻላል። ብርሌ አልመክርም። አንገቱ ጠባብ ስለሆነ አፍንጫ አይገባበትም፤ የዚህ ቢራ ግማሹ ደግሞ በአፍንጫ ነው። ሢሶውን ብቻ ይቅዱ። ቡና የሚቆላበትና ዕጣን የሚጨስበት ክፍል ውስጥ አይቅመሱት፤ ዕጣን ድምብላልን ይውጠዋል። ጫት ከቃሙ፣ ሲጋራ ካጨሱ ወይም ጥርስዎን ከቦረሹ በኋላ ወዲያው አይቅመሱ።

መጀመሪያ ይዩት። አረፋው ነጭ ነው፤ ፈጥኖ ይነሳል፣ ፈጥኖም ይረግፋል። አሲዱ አረፋውን ብዙ አያቆየውምና ይሄ ጉድለት አይደለም። ከዚያ ሁለት ጊዜ አጠር አጠር አድርገው ያሽትቱ። ረጅም መሳብ አፍንጫን ያደክማል። ከዚያ ትንሽ ይጎንጩና ምላስዎ ላይ ያንከባልሉት። ከዋጡ በኋላ አፍዎን ዘግተው በአፍንጫዎ ይተንፍሱ። ቅመሙ ዳግም የሚመጣው ያኔ ነው።

በመጀመሪያው ጉንጭ አይፍረዱ። ምላስ ቢራ ጠብቆ አሲድ ሲያገኝ ይደነግጣል፤ የሚናገረውም ስለ አሲዱ ብቻ ነው። በሁለተኛው ምራቅ መጥቶ አሲዱን ያለዝበዋል። በሦስተኛው ላይ ስንዴው፣ ድምብላሉና ጨው ተራ ተራቸውን ይታያሉ። ጥሩ ጎዘ ሲሸተት ቅመም፣ ምላስ ላይ ኮምጣጣ፣ ሲዋጥ ቀለል ያለ ጨውና እህል ነው። ሲያበቃ አፍ ደረቅና ንጹሕ ይሆናል፣ ሌላ ጉንጭም ያምራል። እናንተ ሐይቁ ዳር የፈረዳችሁት በመጀመሪያው ጉንጭ ነው፤ ያውም ሙቅ በሆነ ቢራ።

ከምግብ ጋር ሲሆን ደግሞ ባሕር ዳር ያሉ ሰዎች ዕድለኞች ናቸው። ለዚህ ቢራ ከጣና ቆሮሶ ዓሣ ጥብስ የተሻለ ጓደኛ አላውቅም። ቀጥ ብሎ የተጠበሰ፣ ቆዳው የተንኮሻኮሸ። ቢራው ዘይቱን ይቆርጠዋል፤ ጨውና ድምብላሉ ዓሣው ላይ ያርፋሉ። ሎሚውን ግን ይተዉት። ሎሚ የሚሠራውን ሥራ ቢራው እየሠራ ነው፤ ሁለቱ ሲደራረቡ ዓሣው ይጠፋል። ዳጣና ሚጥሚጣም ራቅ ይበሉ። የዓሣ ዱለት በሚጥሚጣ ከሆነ ሌላ ቢራ ይጠጡበት። በቲማቲም የተሠራ ጉላሽም አይሄድም፤ ቲማቲሙ ራሱ ኮምጣጣ ነው። እንጀራ የቢራውን ኮምጣጣነት ይሸፍነዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚቀምስ እንግዳ ይሄ ጥሩ ነው። ቢራውን በትክክል ማወቅ ለሚፈልግ ግን ዳቦ ይሻላል። አይብም ይስማማዋል።

ተራ ቢራ ላይ ሎሚና ኮረሪማ ቢጨመርስ? ያው አይሆንም። ተራው ቢራ የሆፕ ምሬት አለው። ሎሚ ሲገባበት ምሬቱና ኮምጣጣነቱ ይጋጫሉ። የተፈጨው ኮረሪማ ደግሞ ጋዙን ያስወጣዋል። ቆንጠር አድርገው ብርጭቆው ላይ ቢነሰንሱት ምን እንደሚሆን ያዩታል። አረፋው በቅጽበት ይነሳል፣ ዱቄቱን ተሸክሞ በከንፈሩ ይፈሳል። የሚተርፍዎ ጋዙ የሞተ ቢራና ጥርስ ውስጥ የሚገባ ቅመም ነው። የቅመም ዘይት በቀዝቃዛ ቢራ ውስጥ በደቂቃ አይሟሟም። ሙቀት ወይም ጊዜ ይፈልጋል። የቅመም ጣዕም መሞከር ከፈለጉ ጥቂት የተሰነጠቀ ድምብላል በፈላ ውሃ ከድነው አሥር ደቂቃ ያቆዩት፤ አጥልለው ያቀዝቅዙት፤ በአንድ ብርጭቆ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ይጨምሩ። ደስ የሚል መጠጥ ይሆናል፤ ጎዘ ግን አይሆንም። ማርም ይሁን ስኳር ጠርሙስ ውስጥ ጨምረው መልሰው አይክደኑ። ሕያው እርሾ ካለበት ጠርሙሱ ይፈነዳል።

ኮረሪማውን በተመለከተ ግን ሐሳቡ ራሱ መልካም ነው። የኮረሪማ ፍሬ ውስጥ በባሕር ዛፍ ቅጠል የምናውቀው ቀዝቀዝ የሚያደርግ ዘይት አለ። ከላክቲክ ኮምጣጣነት ጋር በደንብ ይዋደዳል። ልጣጩ ሳይገባ፣ ፍሬው ብቻ ፈንከት ተደርጎ፣ ከድምብላሉ ባነሰ መጠን፣ በፍላቱ መጨረሻ ቢገባ የጣና ዳርን ዓሣ የሚያጅብ ቢራ ይወጣዋል። አንድ የአገራችን ጠማቂ ይህን በቁም ነገር ቢይዘው ከልቤ ደስ ይለኛል።

«እንደ እርጎ ለሆድ ይስማማል» የሚለውን ይተዉት። ባክቴሪያው ፍላቱ ላይ ሞቷል። ሕያው ሆኖ የሚቆይበት ዓይነት ቢሆን እንኳ አልኮል ያለበትን መጠጥ መድኃኒት ብሎ መጠጣት ልክ አይደለም። ጨጓራ ያለበት ወይም ቃር የሚያስቸግረው ሰው ይህን ቢራ አይንካው፤ አሲዱና አልኮሉ አብረው ያባብሱበታል። እርጉዝ ሴት፣ መድኃኒት ላይ ያለ ሰው፣ በተለይ ሜትሮኒዳዞል የሚወስድ፣ ይለፈው። ጥርስንም አሲድ ይጎዳል። ከጠጡ በኋላ በውሃ ይጉመጥመጡ፤ ጥርስዎን ለመቦረሽ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ። ቀለል ብሎ ስለሚወርድም «ይሄማ ለስላሳ ነው» ብሎ ተነስቶ መኪናም ሆነ ጀልባ መንዳት አይገባም። አልኮሉ የተራ ቢራ ያህል ነው።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። ሁለቱን ጠርሙሶች ዛሬ ፍሪጅ ውስጥ ያቁሙ። ሁለት ቀን ሳይነኩ ይተዉዋቸው። ከዚያ ያንኑ ሁለት ጓደኛ ጠርተው፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ፣ አንዱን ብቻ ለሦስት ይክፈቱ። ቆርኪውን ቀስ ብለው ያንሱ። ሳይቀምሱ ሁላችሁም ያሽትቱ። ሆምጣጤ ወይም የቆየ ቅቤ ከሸተተ ሙግት አያስፈልግም፣ ይድፉት። ሁለተኛውም ያው ሊሆን ስለሚችል ከፍተው በአፍንጫ ብቻ ያረጋግጡ። ካልሸተተ ሦስት ሦስት ጉንጭ ሳትጠጡ ማንም አስተያየት አይስጥ፤ ቆሮሶው ያን ጊዜ ይምጣ። ወደዳችሁት ከሆነ ሁለተኛውን በዚያው ወር ውስጥ ጠጡት። ከሦስተኛው ጉንጭ በኋላም አልጥማችሁ ካለ፣ ቢራው ጤነኛ ሆኖ እናንተ ያልወደዳችሁት ዓይነት ነው፤ ሁለተኛውን ለሚወደው ሰው ስጡት።